ሕመሜ ከቤቱ ሻጋታ ይሆን? ለሚጠረጥር ሰው የተጻፈ ዝርዝር መመሪያ

ቁም ሣጥኑን ከግድግዳው ያላቀቅሁት የወደቀ ቁልፍ ለመፈለግ ነበር። ቁልፉን አገኘሁት፤ ያልፈለግሁትንም ጨምሬ አገኘሁ። ከጉልበቴ ከፍታ እስከ ወለሉ ያለው ግድግዳ ጥቁርና አረንጓዴ ነጠብጣብ ለብሷል። የቁም ሣጥኑ ጀርባ ግራጫ ፀጉር አብቅሏል። ውስጥ የተሰቀለው የቆዳ ቀበቶ ዱቄት የተነሰነሰበት ይመስላል። ልስኑን በጣቴ ጫን ሳደርገው እንደ ራሰ ዳቦ ወደ ውስጥ ገባ። ለወራት ሌሊት ሲያስለኝ፣ ጠዋት ሲያስነጥሰኝ፣ «ብርድ ነው» እየተባለ ኪኒን ስውጥ የከረምሁት ከዚህ ግድግዳ አንድ ክንድ ርቄ እየተኛሁ ነበር።

በዚያው ቀን ሁለት ስህተት ሠራሁ። ሻጋታውን በደረቅ መጥረጊያ ጠረግሁት፤ ከዚያም ቀለም ቀባሁበት። የመጀመሪያው ስህተት ማታውኑ ደረቴን አፍኖ አልጋ ላይ አስቀመጠኝ። ሁለተኛው ከሁለት ወር በኋላ በአዲሱ ነጭ ቀለም ውስጥ ነጥብ ነጥብ እያለ ብቅ አለ።

ከዚያ ወዲህ የተማርሁት አንድ ነገር አለ። «ሕመሜ ከሻጋታው ነው ወይስ አይደለም?» የሚለው ጥያቄ ቶሎ አይመለስም፤ አንዳንዴም ጨርሶ አይመለስም። ደግነቱ መልሱ እስኪገኝ እጅን አጣጥፎ መቀመጥ አያስፈልግም። ሰውነትዎን ሐኪም ይመርምረው፤ በቤቱ ውስጥ ደግሞ ውሃው ከየት እንደሚመጣ እርስዎ ይመርምሩ። ሁለቱ ሥራዎች ጎን ለጎን ይሄዳሉ፤ አንዱ ሌላውን እስኪያረጋግጥለት አይጠብቅም።

የሚታወቀውና የማይታወቀው

ሻጋታ ፈንገስ ነው። የሚራባው ስፖር በሚባሉ፣ በዓይን በማይታዩ ብናኞች ነው፤ ስፖር የሌለበት ቤት ደግሞ የለም። ብናኞቹ አድገው ግድግዳ የሚያለብሱት እርጥበት ሲያገኙ ነው። ምግቡማ ሞልቷል፦ እንጨት፣ ወረቀት፣ ጨርቅ፣ ሙጫ፣ ተራ አቧራ። ስለዚህ ከሻጋታ ጋር በሚደረግ ትግል እጃችን ላይ ያለው ነገር ውሃው ብቻ ነው።

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2009 ስለ ቤት ውስጥ እርጥበትና ሻጋታ ባወጣው መመሪያ፣ እርጥበትና ሻጋታ ባለበት ቤት የሚኖሩ ሰዎች ለመተንፈሻ አካላት ምልክቶችና ለአስም መባባስ ይበልጥ የተጋለጡ መሆናቸውን አስፍሯል። ከዚያ ቀደም ብሎ በ2004 የአሜሪካ የሕክምና ኢንስቲትዩት ያሳተመው ግምገማ የአፍንጫና የጉሮሮ ምልክቶችን፣ ሳልን፣ ሲር ሲር የሚል ትንፋሽንና የአስም መባባስን ከእርጥብ ቤት ጋር ለማያያዝ በቂ ማስረጃ አግኝቷል። ለድካምና ለአእምሮ መፍዘዝ ግን በቂ ማስረጃ አላገኘም። ይህ ማለት ድካምዎ ውሸት ነው ማለት አይደለም። የሚደክመውና ትኩረቱ የሚበታተነው ሰው ሁሉን ነገር በግድግዳው ከማላከኩ በፊት የደም ማነስን፣ የእንቅርት ዕጢን፣ እንቅልፍንና ጭንቀትን ያስመርምር ማለት ነው።

«መርዛማው ጥቁር ሻጋታ» ስለሚባለውም አንድ ነገር ልበል። ስታኪቦትሪስ የሚባል ጥቁር ሻጋታ አለ፤ በቤት ውስጥ የሚታየው ጥቁር ነገር ሁሉ ግን እሱ አይደለም። ከቀለሙ ተነሥቶ ዓይነቱንም ሆነ ጉዳቱን መናገር አይቻልም። ማንኛውም ሻጋታ ቢሆን የሚወገድበት መንገድ ያው ነው።

አንደኛ፦ ቀጠሮ የማይጠብቁትን ይለዩ

ትንፋሽ አጥሮት አንድ ዓረፍተ ነገር መጨረስ ያቃተው፣ ከንፈሩ የጠቆረ ወይም ደም የተቀላቀለበት አክታ የሚተፋ ሰው ይህን ጽሑፍ ማንበቡን ትቶ አሁኑኑ ወደ ድንገተኛ ሕክምና ይሂድ። ሕፃን ልጅ ሲተነፍስ በጎድን አጥንቶቹ መካከል ያለው ሥጋ ወደ ውስጥ የሚሰረጉድ ከሆነም እንዲሁ።

ብዙ ሰው የማያስበው ሌላ አደጋ ካርቦን ሞኖክሳይድ ነው። ቤት ሲገቡ ራስ ምታት፣ ማዞርና ማቅለሽለሽ የሚጀምርዎት፣ ሲወጡ የሚለቅዎት ከሆነ፣ የቤቱ ሰዎችም አብረው የሚታመሙ ከሆነ፣ በቤቱ ውስጥም ከሰል፣ ጋዝ ወይም ሌላ ነዳጅ የሚነድ ከሆነ፣ ሻጋታውን ለጊዜው ይርሱትና እሳቱን ያጥፉ፤ በሩንና መስኮቱን ከፍተው ሁላችሁም ውጡ፤ ከዚያ ሐኪም ዘንድ ሂዱ። ጋዙ ሽታም ቀለምም የለውም። በሻጋታ ተሳብቦ ችላ ሲባል ሕይወት የሚያጠፋው እሱ ነው።

ሁለት ሳምንትና ከዚያ በላይ የቆየ ሳል ደግሞ፣ በተለይ ከክብደት መቀነስ፣ ከትኩሳትና ከሌሊት ላብ ጋር ከመጣ፣ ለሳንባ ነቀርሳ መመርመር አለበት። ግድግዳው ቢሻግትም ባይሻግትም።

በቤቱ ውስጥ የካንሰር ሕክምና የሚወስድ፣ የአካል ክፍል ንቅለ ተከላ የተደረገለት፣ በሌላ ምክንያት የበሽታ መከላከል አቅሙ የተዳከመ፣ ከባድ የሳንባ ሕመም ያለበት ወይም ሕፃን ካለ፣ ምርመራው እስኪያልቅ በተሻገተው ክፍል አይተኛ። አስፐርጊለስን የመሰሉ ሻጋታዎች መከላከያው በተዳከመ ሰው ሳንባ ውስጥ ገብተው ኢንፌክሽን ሊያስከትሉ ይችላሉ።

ሁለተኛ፦ ማስታወሻ ደብተር ይያዙ

ዋጋ የማያስወጣውና ከየትኛውም የቤተ ሙከራ ወረቀት ይልቅ ሐኪሙን የሚረዳው ይህ ነው። ቢያንስ ለሁለት ሳምንት በየቀኑ ጠዋትና ማታ ይመዝግቡ፦ ምን ምልክት ነበረ፣ ከ0 እስከ 10 ምን ያህል ከበደ፣ በስንት ሰዓት ጀመረ፣ ከዚያ በፊት የት ነበሩ፣ የት ተኙ፣ ምን መድኃኒት ወሰዱ። ዝናብ የዘነበበትን፣ ቤት የተጠረገበትንና ልብስ ቤት ውስጥ የተሰጣበትን ቀንም ምልክት ያድርጉበት።

አንድ መስመር ይህን ሊመስል ይችላል፦ «ማክሰኞ። ሌሊት 9 ሰዓት በሳል ነቃሁ፣ ክብደቱ 6። ጠዋት አፍንጫዬ ታፍኗል። ረፋድ ላይ ከቤት ከወጣሁ በኋላ ተሻለኝ። ማታ 3 ሰዓት መኝታ ቤት እንደገባሁ ዓይኔን አሳከከኝ።» አጭር ነው፤ ግን «ሁልጊዜ ያመኛል» ከሚለው አሥር እጥፍ ይናገራል።

ከተቻለ ከቤቱ ውጭ ሦስት አራት ሌሊት ያሳልፉና ምዝገባውን ይቀጥሉ። ከቤት ሲርቁ መሻል፣ ሲመለሱ መባባስ ጠንካራ ፍንጭ ነው። ፍንጭ እንጂ ማረጋገጫ አይደለም፤ ከቤት ስንወጣ ከሻጋታው ብቻ ሳይሆን ከድመቷ፣ ከፍራሹ፣ ከማዕድ ቤቱ ጭስና ከቤቱ ጭቅጭቅም እንርቃለን።

አስም ያለበት ሰው ፒክ ፍሎው ሜትር የምትባለውን በአፍ የሚነፏትን ትንሽ መለኪያ ቢያገኝ ደብተሩ ላይ ቁጥር ይጨምርለታል። ጠዋትና ማታ ሦስት ሦስት ጊዜ ይነፋል፤ ከሦስቱ ትልቁን ይመዘግባል። ቁጥሩ በቤት ቀናት እየወረደ በውጭ ቀናት እየወጣ ከሄደ፣ ሐኪሙ ከዚያ ግራፍ ብዙ ያነባል።

ሦስተኛ፦ ውሃውን ያሳድዱ

ሻጋታው የት እንዳለ ዓይንዎና አፍንጫዎ ይነግሩዎታል። የሚበልጠው ጥያቄ ውሃው ከየት መጣ የሚለው ነው። ከውጭ ሲገቡ በመጀመሪያዎቹ ጥቂት ደቂቃዎች ለሚሸትዎት ነገር ትኩረት ይስጡ፤ አፍንጫ ቶሎ ይለምዳል። ከዚያ የእጅ ባትሪ ይያዙና ብርሃኑን ፊት ለፊት ሳይሆን በግድግዳው ጎን አስተኝተው ያብሩት፤ ያበጠ ልስንና የተላቀቀ ቀለም ጥላ ይጥላል። ቁም ሣጥን፣ አልጋና መጋረጃ ያንቀሳቅሱ። ከእጅ መታጠቢያው በታች፣ ከኮርኒስ በላይ፣ በመስኮቱ ጠርዝ ይመልከቱ።

የእድፉ ቦታ ብዙ ይናገራል። ኮርኒስ ላይ ዳሩ ቡናማ ቀለበት የሠራ እድፍ ጣሪያው ወይም ቧንቧው እንደሚያፈስ ይጠቁማል። ከወለሉ ተነሥቶ እስከ አንድ ሜትር ገደማ የሚወጣ እርጥበት ከመሬት እየተሳበ ሊሆን ይችላል። በክፍሉ ማዕዘኖች፣ በመስኮት ዙሪያና በዕቃ ጀርባ የሚበቅለው ግን አብዛኛውን ጊዜ ከእኛው ትንፋሽ፣ ከማብሰልና ከልብስ ማድረቅ የተነሣ እንፋሎት ነው።

ይህኛው በቁጥር ሲታይ ግልጽ ይሆናል። የክፍሉ ሙቀት 20 ዲግሪ ሴንቲግሬድ፣ የአየሩ እርጥበት 60 በመቶ ቢሆን፣ ቅዝቃዜው ወደ 12 ዲግሪ የወረደ ማንኛውም ግድግዳ ያልበዋል። ሻጋታ ደግሞ ላቡን እንኳ አይጠብቅም፤ ከግድግዳው ጋር የተጣበቀው አየር እርጥበቱ ለቀናት 80 በመቶ አካባቢ ከቆየ ይበቃዋል። ቁም ሣጥን የተደገፈው ግድግዳ ከሌላው የሚሻግተው የክፍሉ ሙቀት ስለማይደርሰውና አየር ስለማይዞርበት ነው።

ከክፍሉ አየር የሚመጣውን ውሃ ከግድግዳው ውስጥ ከሚመጣው ለመለየት የምወደው ዘዴ ይህ ነው። አንድ ክንድ በአንድ ክንድ የሆነ የአሉሚኒየም ፎይል ይቁረጡ። ግድግዳውን በጨርቅ ያድርቁና ፎይሉን አራቱንም ጎን በፕላስተር አጥብቀው ይለጥፉት። ከሁለት ቀን በኋላ በክፍሉ በኩል ያለው ገጽ ከራሰ ውሃው ከክፍሉ አየር ነው። ፎይሉን ሲልጡት ጀርባው ከራሰ ግን ውሃው ከግድግዳው ውስጥ እየመጣ ነው። እኔ ቤት የራሰው ጀርባው ነበር፤ በግድግዳው ውስጥ የተቀበረ ቧንቧ ያንጠባጥብ ኖሯል። ያን ሁሉ ጊዜ መስኮት መክፈቴ ለምን እንዳልጠቀመኝ የገባኝ ያኔ ነው።

ግድግዳ ላይ የበቀለ ነጭ ነገር ሁሉ ሻጋታ እንዳይመስልዎ። ጠብታ ውሃ ያድርጉበት፤ ከሟሟ ጨው ነው። ጨው ሰውን አያሳምምም፤ ሆኖም ውሃ በግድግዳው ውስጥ እያለፈ እንደሆነ ይመሰክራል። የተደበቀ የቧንቧ ፍሳሽ ከጠረጠሩ ደግሞ ማታ ቧንቧዎቹን ሁሉ ዘግተው የውሃ ቆጣሪውን ቁጥር ይጻፉ። ማንም ውሃ ሳይነካ ጠዋት ቁጥሩ ከተለወጠ ፍሳሽ አለ።

የቤቱን አየር በቤተ ሙከራ ማስመርመር ያስፈልጋል? በዓይን የሚታይ ወይም የሚሸት ሻጋታ ካለ አያስፈልግም። ውጤቱ የዚያን ሰዓት አየር ብቻ ያሳያል፤ «ከዚህ በላይ ሰው ይታመማል» የሚባል የተስማሙበት ልክም የለም። ገንዘቡን ለቧንቧ ሠራተኛ ያውሉት።

አራተኛ፦ ሐኪሙ ፊት ሲቀርቡ

«ሻጋታ መርዞኛል» ብለው አይጀምሩ። ሐኪሙ ወይ ይቃወማል ወይ ዝም ብሎ ይቀበላል፤ ሁለቱም አይጠቅሙዎትም። ምልክቱን፣ ጊዜውንና ቦታውን ይንገሩት፦ «ለአራት ወር ሌሊት ያስለኛል፤ ከቤት ውጭ ሳድር ይቀንሳል፤ የመኝታ ቤቴ ግድግዳ እርጥብና ሻጋታ አለበት።» ደብተሩንና የግድግዳውን ፎቶ ያሳዩ። ሲጋራ የሚያጨሱ ከሆነ፣ በሥራዎ አቧራ ወይም ኬሚካል ካለ፣ በቤት ውስጥ እንስሳ ካለ አይደብቁ።

ሊታዘዙ የሚችሉት ምርመራዎች የትንፋሽ መለኪያ የሆነው ስፓይሮሜትሪ፣ የቆዳ ወይም የደም የአለርጂ ምርመራ፣ እንደ ሁኔታውም የደረት ራጅ ናቸው። የአለርጂ ምርመራው ከሻጋታ ዓይነቶች ጥቂቶቹን ብቻ ይፈትሻል፤ ደግሞም እርጥብ ቤት ያለ አለርጂም አፍንጫንና ጉሮሮን ሊቆጣ ስለሚችል ውጤቱ «የለም» ቢልም ነገሩ ተዘጋ ማለት አይደለም። «አለ» ቢልም እንዲሁ፤ ለሻጋታ አለርጂ መኖሩ የአሁኑ ሳል ከዚያ መምጣቱን ብቻውን አያረጋግጥም።

አንድ ነገር ግን ሳይጠየቁም ይናገሩ። በተሻገተው ክፍል ከቆዩ ወይም ካጸዱ ከጥቂት ሰዓታት በኋላ ትኩሳት፣ ብርድ ብርድ ማለት፣ ደረቅ ሳልና የትንፋሽ ማጠር ከያዘዎት፣ ይህ ከተራ አለርጂ የተለየ የሳንባ መቆጣት ሊሆን ይችላል። ጉንፋን መስሎ ይመጣል፤ እየተመላለሰ ከቀጠለ ሳንባ ላይ የማይሽር ጠባሳ ሊተው ይችላል። ወደ ሳንባ ሐኪም መላክን ይጠይቁ።

በሽንት ውስጥ «የሻጋታ መርዝ» እንለካለን የሚሉ ምርመራዎችን በተመለከተ አቋሜ ግልጽ ነው፦ ይተዉአቸው። የአሜሪካ የበሽታ መቆጣጠሪያና መከላከያ ማዕከል ለሕክምና ውሳኔ የጸደቁ እንዳልሆኑ ጽፏል። የሻጋታ መርዝ በጥቂቱ ከምግብም ስለሚገባ በጤነኛ ሰው ሽንት ውስጥ ይገኛል። ከምርመራው ጀርባ አብዛኛውን ጊዜ ውድ «የመርዝ ማስወገጃ» ይከተላል።

እስከዚያው ሐኪሙ የሚያዝዘው ሕክምና የታወቀ ነው፦ የአለርጂ ኪኒን፣ በአፍንጫ የሚነፋ ስቴሮይድ፣ አስም ላለበት የሚሳብ መድኃኒት። የአፍንጫው መድኃኒት በየቀኑ ሲወሰድ እንጂ አንድ ቀን ተነፍቶ አይሠራም፤ ሙሉ ጥቅሙን ለማየት ቀናት፣ አንዳንዴም ሳምንታት ይወስዳል። አፍንጫን በጨው ውሃ ማጠብም ይረዳል፤ ውሃው ግን ፈልቶ የቀዘቀዘ ይሁን።

አምስተኛ፦ ማጽዳት

መጀመሪያ የውሃውን መግቢያ ይድፈኑ። አስም፣ የሻጋታ አለርጂ ወይም ደካማ የበሽታ መከላከያ ያለው ሰው አያጽዳ፤ ሌላ ሰው ያጽዳለት፤ እሱ ክፍሉ እስኪደርቅና እስኪናፈስ ከቤቱ ይራቅ። የተሻገተው ስፋት ከአንድ ካሬ ሜትር ገደማ ከበለጠ ወይም ውሃው የፍሳሽ ቆሻሻ ከሆነ ባለሙያ ይጥሩ።

የሚያጸዳው ሰው ኤን95 ወይም ኤፍኤፍፒ2 ጭምብል፣ የጎማ ጓንትና ዙሪያውን የሚገጥም መነጽር ያድርግ። ተራው የጨርቅ ጭምብል ስፖር አይከለክልም። የክፍሉን በር ዝጉ፤ መስኮቱን ክፈቱ። ሻጋታውን መጀመሪያ በሳሙና ውሃ በቀስታ ያርጥቡት፤ እኔ የዘለልሁት ይህን ነው። ከዚያ በስፖንጅ ከዳር ወደ መሃል እየሰበሰቡ ይጥረጉ፤ ስፖንጁን ደጋግመው በንጹሕ ውሃ ይለቅለቁ። ሲጨርሱ ጨርቁንና ስፖንጁን በላስቲክ ቋጥረው ያውጡ፤ የለበሱትን ያጥቡ፤ ገላዎን ይታጠቡ። ግድግዳው በደንብ ይድረቅ።

በረኪና የግድ አይደለም። የሞተ ሻጋታም አለርጂ ያስነሣል፤ ስለዚህ ዋናው ነገር መግደሉ ሳይሆን ማንሣቱ ነው። በረኪና ከተጠቀሙ ደግሞ ከኮምጣጤ፣ ከሌላ አሲድ ወይም አሞኒያ ካለበት ማጽጃ ጋር በፍጹም አያደባልቁ። የሚወጣው ጋዝ ሳንባ ይጎዳል፤ ሳልን ለማዳን የገባውን ሰው ከድጡ ወደ ማጡ ይከተዋል።

ብርጭቆ፣ ብረት፣ ሴራሚክና ጠንካራ ፕላስቲክ ታጥበው ይድናሉ። ልብስም ይታጠባል። ሻጋታ ዘልቆ የገባበት ፍራሽ፣ ምንጣፍ፣ ካርቶንና ጂፕሰም ቦርድ ግን ይጣል። እንደ ዳቦ የላመው ልስን ተቀርፎ እንደገና ይለሰን። ቀለም የመጨረሻው ሥራ ነው፤ ግድግዳው ሙሉ በሙሉ ሳይደርቅ መቀባት ሻጋታን ብርድ ልብስ ማልበስ ነው።

ወደፊት አንድ ነገር ውሃ ቢፈስበት ከ24 እስከ 48 ሰዓት ውስጥ ያድርቁት፤ በዚያ ጊዜ ውስጥ የደረቀ ነገር ብዙውን ጊዜ አይሻግትም። አነስተኛ የእርጥበት መለኪያ ገዝተው የክፍሉ አየር ከ60 በመቶ በታች፣ ቢቻል ከ30 እስከ 50 በመቶ እንዲሆን ይከታተሉ። ሲያበስሉና ሲታጠቡ እንፋሎቱን ወደ ውጭ ያስወጡ፤ ድስት ይክደኑ፤ ልብስ ውጭ ያስጡ፤ ዕቃን ከውጭኛው ግድግዳ አንድ ጋት ያህል ያርቁ። ኦዞን የሚባል ጋዝ የሚለቁ «አየር ማጽጃ» ማሽኖችን አይግዙ፤ ኦዞን ራሱ ሳንባ ያቆጣል።

ስድስተኛ፦ ቤቱ የኪራይ ከሆነ

በቃል የተነገረ ቅሬታ ነፋስ ይወስደዋል። ቀን ያለው ደብዳቤ ወይም መልእክት ይጻፉ፤ ቅጂውን ይያዙ። ሻጋታው የት እንዳለ፣ መቼ እንዳዩት፣ ውሃው ከየት እንደሚመጣ የጠረጠሩትን፣ በቤቱ ውስጥ ሕፃን ወይም የአስም ሕመምተኛ መኖሩን፣ ጥገናው እስከ መቼ እንዲጀመር እንደሚጠይቁ ያስፍሩ። ፎቶው መጠኑን የሚያሳይ ነገር፣ ለምሳሌ ማስመሪያ፣ ጎኑ ይኑርበት። ሐኪሙ ፈቃደኛ ከሆነ ምልክቱንና እርጥብ ቤት ሊያባብሰው እንደሚችል የሚገልጽ አጭር ማስረጃ ያያይዙ። አከራዩ ጆሮ ዳባ ልበስ ካለ፣ ደብዳቤዎቹ በአካባቢዎ ለሚመለከተው የጤና ወይም የቤቶች ጽሕፈት ቤት ማስረጃ ይሆናሉ።

ይህ የተጋነነ የመሰለው ካለ፣ እ.ኤ.አ. በ2020 በእንግሊዝ ሀገር አንድ የሁለት ዓመት ሕፃን ሞቶ ነበር። በ2022 የሞቱን ምክንያት የመረመረው ባለሥልጣን፣ ሕፃኑ የሞተው በቤቱ ለነበረ ሻጋታ ለረጅም ጊዜ በመጋለጡ በመጣበት የመተንፈሻ ሕመም ነው ሲል ወስኗል። ቤተሰቡ ለአከራዩ ደጋግሞ አመልክቶ ነበር።

ሰባተኛ፦ ከጥገናው በኋላ

ደብተሩን አይዝጉት። ለአራት ሳምንት ያህል ይቀጥሉና የፊቱን ከኋላው ያነጻጽሩ። ምልክቱ ከቀነሰ ጥሩ። ካልቀነሰ ወይ የተደበቀ እርጥበት ቀርቷል፣ ወይ ሕመሙ ሌላ ምክንያት አለው፤ ሐኪሙ ዘንድ ይመለሱ፤ ሌላ ግድግዳ ለማፍረስ አይቸኩሉ።

እኔ ቧንቧው ተጠግኖ፣ ልስኑ ተቀይሮ፣ ክፍሉ ደርቆ በሦስተኛው ሳምንት የሌሊቱ ሳል ለቀቀኝ። የጠዋቱ ማስነጠስ ግን አልተወኝም። የቆዳ ምርመራው ሲደረግልኝ ለሻጋታ የተወጋው ቦታ ትንሽ ቀላ። እንደ ትንኝ ንክሻ ያበጠው ለአቧራ ትል የተወጋው ነበር፤ እሷም እንደ ሻጋታው እርጥበት ትወዳለች፤ የምትኖረው ግን በፍራሽና በትራስ ውስጥ ነው። አሁን አንሶላውን በየሳምንቱ በ60 ዲግሪ ውሃ አጥባለሁ፤ ፍራሹም ዚፕ ያለው ልብስ ለብሷል። ጠዋት የማስነጥሰው ሁለት ጊዜ ነው።